ሴት የማትገባበት ተራራ

ቡኪት ከላዲ
ማርች 14 ቀን 2004

ውድ ሮኪያዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልሱን ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ እንደ ባለፈው የሙዋርን ሰው በሙሉ ሰብስበሽ እንዳታላቅሺብኝ። ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል፣ የኮኮናት ብስኩቴንም ዛሬም እጋግራለሁ። አንቺስ? ልጅሽ ዙልኪፍሊ ደህና ነው? ምራትሽ ሱሪያኒስ? እነዚያ የልጅ ልጆችሽ አሁንም ቤቱን ያፈርሱታል?

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው። ኮረብታው ላይ ያለውን የእንግሊዙን ሥራ አስኪያጅ ቤት ቀለም ቀብተው የማዕድን ሙዚየም አደረጉት። እኛ የታጠበ ልብስ ለማድረስ እንኳ በጓሮ በር የምንገባበት ቤት አሁን ቲኬት ቆርጠሽ በፊት ለፊት ትገቢያለሽ። እኔም የአዲስ ዓመት ልብሴን ለብሼ ገባሁ። ሰውየው ይታጠብበት የነበረው ገንዳ በገመድ ታጥሮ ተቀምጧል፤ ሰው እየተሰለፈ አጠገቡ ፎቶ ይነሣል። የወንዶቻችን ቆብና መብራት በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። የፈረቃው ፊሽካም አለ፤ ቁልፍ ስትጫኚ ይጮኻል። አንዱ ጎብኚ ተጫነው መሰለሽ፣ እኔ ሳላውቀው ብድግ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። ሩዙ ያረረብኝ መስሎኝ ነበር! ያ ፊሽካ ሲነፋ መንገዱ በሰው ይጥለቀለቅ የነበረው ትዝ ይልሻል? ሲኒማ ቤቱ፣ የኑድል ሻጮቹ ጩኸት፣ የደመወዝ ቀን ሰካራሞቹ። አሁን በዚያ ሰዓት ውሻ ብቻ ነው የሚያልፈው።

ከሁሉ ያሳቀኝ ግን እኛ ነን። አዎ፣ እኛም ሙዚየም ገብተናል። ወንዝ ውስጥ ጎንበስ ብላ በእንጨት ገበታ ከአሸዋው የቆርቆሮ ማዕድን አጥባ የምታወጣ ሴት ከጀሶ ሠርተው አቁመዋል። ከንፈሯን ቀይ ቀብተዋታል። ይሁን። እግሯን ሳየው ግን ጫማ! በሞቴ ሮኪያ፣ ጫማ አድርጋለች! ጋሽ ደራማንን ታስታውሺዋለሽ፣ የባሎቻችን የፈረቃ ጓደኛ፤ አሁን እዚያ አስጎብኚ ሆኗል። «ጋሼ፣ ወንዝ ውስጥ በጫማ የገባችው የማን ልጅ ናት?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ዝም በያት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ናት» አለኝ።

ስለ ማዕድኑ ዋሻ የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ያን ቀን መሽቶብኝ ነበር።

የአንቺው ንዩክ ላን

———

ሙዋር
ማርች 29 ቀን 2004

እታለም ላን፣

ስለ ጤናዬ አትጨነቂ፣ ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ቤቱ ግን ፈርሷል።

ስለ ገንዳው አነበብኩ፣ ስለ ፊሽካው አነበብኩ፣ ስለ ጫማው አንብቤ ከወንበር ልወድቅ ነበር። ግን እኔ የጠየቅሁሽ አንድ ነገር ነው፤ እሱን «መሽቶብኝ ነበር» ብለሽ ዘለልሽው። አንቺን እኮ አውቅሻለሁ። ልትነግሪኝ የማትፈልጊው ነገር ሲኖር ወሬ ታበዣለሽ። እናትሽ የሞተች ቀን ስለ ዳክዬ ዋጋ ስታወሪኝ ነበር የዋልሽው።

ስለዚህ አጥርቼ ልጻፍልሽ። ጁሶህ እዚያ ተራራ ሥር ከቀረ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነው። ወንዶቹ የሚቆፍሩበት ታችኛው ደረጃ ላይ ውሃው ሲፈነዳ ካምፓኒው በሲሚንቶ ደፈነው፤ ሬሳ አልሰጡኝም፣ አፈር አላለበስኩትም። ልጆቼ በየዓመቱ «እማ፣ ለአባታችን ሰደቃ እናውጣለት፣ ኢማሙ ዱዓ ያድርግለት» ይሉኛል። እኔም በየዓመቱ «ያለበትን ቦታ ሳላይ አላደርገውም» እላለሁ። እልኸኛ ነሽ በይኝ። ሰው የሞተበት ሰው መቃብር ላይ ቆሞ ያለቅሳል። እኔ የት ቆሜ ላልቅስ? ወጥ ቤት?

አሁን ዋሻውን ለጎብኚ ከፍተውታል፣ በትንሿ ባቡር ሰው ያስገባሉ ይላል ጋዜጣው። እስከ የት ድረስ ነው የሚወስዱት? ጁሶህ ወዳለበት ይጠጋል? ገብተሽ በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ። የሚጠጋ ከሆነ እመጣለሁ፣ አይቼው ሰደቃውን አወጣለሁ። የማይጠጋ ከሆነም ልወቀውና ልረፍ።

ቶሎ ይሁን። ለምን እንደቸኮልኩ አትጠይቂኝ።

ሮኪያ

———

ቡኪት ከላዲ
ኤፕሪል 11 ቀን 2004

ውድ ሮኪያዬ፣

ገባሁ። ይኸው፣ ደስ ይበልሽ።

ባቡሯ ቢጫ ናት፣ አግዳሚ ወንበር አላት። መጀመሪያ ብርሃን አለ፣ ከዚያ መብራት ብቻ። ከላይ ካለው ቧንቧ ቀዝቃዛ ነፋስ እየነፈሰ አንገቴን አቀዘቀዘው። ግድግዳው ያልባል፣ እጅሽን ስታሳርፊበት እርጥብ ነው። የእንጨት ድጋፎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ከእነሱ ስንቱን የቆረጠው የኔው ቲየን ሳንግ ነው። ጋሽ ደራማን ባቡሯን አስቁሞ ጣቱን ወደ ግራ ቀሰረና «የጁሶህ ደረጃ ይኸ ነው፣ ከዚህ ግድግዳ ኋላ» አለኝ። ቅርብ ነው ሮኪያ። በጣም ቅርብ ነው። ቆሜ አንገቴን ደፋሁለት፣ በአንቺም ስም ደፋሁለት።

እንግዲህ እኔ አየሁልሽ ማለት አንቺ አየሽ ማለት አይደለም? ከሙዋር እስከዚህ አውቶቡስ መቀያየሩ፣ ከዚያ ያ ጠመዝማዛ ዳገት፣ ደግሞ ዝናቡ። ወጣት አይደለንም። በኔ ዓይን እንዳየሽው ቁጠሪውና ሰደቃውን አውጪለት። ብስኩት ልኬልሻለሁ፤ በአትክልት ዘይት ነው፣ የአሳማ ስብ የለበትም፣ ስጋት አይግባሽ።

ንዩክ ላን

———

ሙዋር
ኤፕሪል 25 ቀን 2004

ውሸታም፣

ብስኩቱ ግሩም ነው። ዋሻው ግን ጥሬ ነው፣ አልበሰለም።

ነፋስ ከቧንቧ? ነፋሱን የሚገፋው ሞተር ማዕድኑ የተዘጋ ዕለት ቆሞ እኛው አይደለንም እንዴ ጸጥታው አስፈርቶን ከቤት የወጣነው? ያ የባልሽ ወሬ ነው። ቲየን ሳንግ ነፍሱን ይማረውና፣ አንገቱን የሚያቀዘቅዘውን ነፋስ፣ የሚያልበውን ግድግዳ፣ ሁሉንም በእኛ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲያወራው ሰምቼዋለሁ። ቃሉን እንኳ አልቀየርሽም።

ደግሞ አንቺ ዋሻው በር ላይ ያለውን ነጩን ድንጋይ አልፈሽ? ማን ያምነኛል ብለሽ ነው? ሴት ከገባች ተራራው ይቆጣል፣ የአንዱን ወንድ ነፍስ ይወስዳል ብለው እናቶቻችን ካስጠነቀቁን ጀምሮ፣ ምሳ ይዘን ድንጋዩ ጋ ስንቆም አንቺ ሁልጊዜ ከኔ ኋላ ነበርሽ። አንድ ቀን ነፋስ ሻሽሽን ወደ ውስጥ ቢወስደው እዚያው ትተሽው ሄድሽ። አዲስ ሻሽ! ጁሶህ አውጥቶ ሲያመጣልሽ እንኳ ሦስት ጊዜ ካልታጠበ አልነካም አልሽ። እሱ ግን ለወር ያህል ሲስቅብሽ ከረመ። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋ አልነበር? አሁን ስጽፈው መጣብኝ።

አልተቆጣሁሽም እታለም። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ተራራው ምን እንዳይወስድብሽ ነው እስከ ዛሬ የምትፈሪው? ቲየን ሳንግ አልጋው ላይ ነው የሞተው። የኔን ደግሞ ወስዶ ጨርሷል። ከእኛ ምን ቀረው?

በሜይ መጨረሻ እመጣለሁ። ልጆቹ ይሟገቱኛል፣ ይሟገቱ። ጽሕፈትሽ ለምን እንዲህ ትልልቅ ሆነ እንዳትዪኝ፤ የዚህ ቤት መብራት ደካማ ነው።

ሮኪያ

———

ቡኪት ከላዲ
ሜይ 4 ቀን 2004

ሮኪያዬ፣

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ምን እላለሁ።

አልገባሁም። ቲኬት ግን ቆርጫለሁ፣ እሱ እውነት ነው። አንድ ጊዜም አይደለም። ባቡሯ ስትመጣ «ጉልበቴን ያዘኝ» እልና ቦታዬን ለሌላ ሰው እለቃለሁ። የቲኬት ሻጯ ልጅ በመጨረሻ «እማማ፣ ዛሬስ የማንን ቦታ ሊይዙ ነው የመጡት?» አለችኝ። የማላምንበት ነገር ነው ብዬ ራሴን እሞግታለሁ፤ ድንጋዩን ሳየው እግሬ አይታዘዘኝም። ስለዚህ ጋሽ ደራማንን በኔ ምትክ ገብቶ ያለውን እንዲነግረኝ ለመንኩት።

ያለውን ነገረኝ። እኔም ያንን ለአንቺ መጻፍ ስላልቻልኩ የቲየን ሳንግን ወሬ ጻፍኩልሽ።

ይኸው እውነቱ። ባቡሯ የምትሄደው በላይኛው ደረጃ ብቻ ነው። ሐዲዱ የብረት በር ጋ ያልቃል። ከበሩ ወዲያ ወንዶቹ የሚወርዱበት ጉድጓድ አለ፤ የውሃ መሳቢያዎቹ ከቆሙ ወዲህ ግን ተሞልቷል። ጁሶህ ያለበት ደረጃ ከዚያ ውሃ ሥር፣ እጅግ ከታች ነው። ቅርብ አይደለም። ግድግዳም ጣት መቀሰርም የለም። ጥቁር ውሃ ብቻ ነው የሚታየው። ጋሽ ደራማን፣ «ከሮኪያ ደብቀሽ አታኑሪ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የጠበቀች ሴት የምትጠብቀውን ነገር ልኩን ትወቅ» ብሎ ተቆጣኝ።

ለምን እንደዋሸሁሽ ልንገርሽ፣ ቀልዱ ይቅር። ያን ቀን የኔ ወጣ፣ ያንቺ ቀረ። ቲየን ሳንግ ጭቃ ለብሶ ሲወጣ ጮኼ ተጠመጠምኩበት። አንቺ የጁሶህን ምሳ ይዘሽ ከጎኔ ቆመሽ ነበር፣ ሆድሽ ገፍቶ። «እንኳን ደስ ያለሽ እታለም» አልሽኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለአንቺ ክፉ ነገር የምናገርበት አፍ የለኝም። ዓይንሽ ላይ ሌላ ክፉ ወሬ ሲደርስ ማየት አልችልም።

አሁን አውቀሻል። ትመጪ እንደሆነ ቤቴ ቤትሽ ነው። ብትቀሪም አልፈርድብሽም።

ንዩክ ላን

———

ሙዋር
ሜይ 16 ቀን 2004

የተከበሩ እማማ ላን፣

ይህን የምጽፍልዎ የሮኪያ ምራት ሱሪያኒ ነኝ። እናታችን እየተናገረች ነው የምጽፈው። «የኔን ቃል ብቻ ጻፊ፣ ከራስሽ አትጨምሪ» ብላኛለች። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው።

እታለም ላን፣

ስለ ውሃው የጻፍሽውን ሱሪያኒ አነበበችልኝ። እንግዲህ ምን ዋጋ አለው፣ ልቅር ብዬ ነበር።

እዚህ ጎረቤቴ ሐሊጃ የምትባል ሴት አለች። ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር ውስጥ ቀርቷል። አርብ አርብ ባሕሩ ዳር ሄዳ ትቆማለች። «እንዴት ነው፣ ያለበትን ታውቂዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «የትኛው ውሃ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፣ ይበቃኛል» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው አደርኩ። እኔስ የትኛው ውሃ ውስጥ እንዳለ አላወቅሁም? አንቺው ነግረሽኛል። የብረቱ በር ድረስ ይበቃኛል። እመጣለሁ።

አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው፤ እኔም ደብቄሻለሁ። መብራቱ ደካማ አይደለም፣ ዓይኔ ነው። ሐኪሙ አይድንም፣ ዓመቱ ሳያልቅ ይጨልማል ብሎኛል። አሁን እንኳ ሰው ከፊቴ ሲቆም ጥላውን ነው የማየው። የቸኮልኩት ለዚህ ነው። ጻፍልኝ የምለው ልጄ ቢሆን ኖሮ አልቅሶ ወረቀቱን ያበላሽብኝ ነበር፤ ሱሪያኒ ጠንካራ ናት።

ስለዚህ ዋሻው ውስጥ ብቻዬን መራመድ አልችልም። ዙልኪፍሊ «እኔ ልያዝሽ» ይላል። እሱ ግን አባቱን አያውቀውም፣ ሲሞት ሆዴ ውስጥ ነበር። እኔ የምፈልገው ጁሶህን የሚያውቅ፣ ሲስቅ ያየው ሰው ክንድ ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ከአንቺና ከደራማን ሌላ አልቀረኝም፤ የምመርጠው ያንቺን ነው። ድንጋዩን ማለፍ ካቃተሽ ግን ንገሪኝ፣ ደራማን ይይዘኛል። አልቀየምሽም።

ሮኪያ

(ትቀየማለች። ሱሪያኒ።)

———

ቡኪት ከላዲ
ጁን 9 ቀን 2004

ውድ ልጄ ሱሪያኒ፣

በሰላም መድረሳችሁን ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ሮኪያ የረሳችው ሻርፕ እኔ ጋ ነው፤ ለመምጫ ምክንያት ይሁናት ብዬ አልልከውም።

«እናታችን ከዋሻው ወጥታ እስከ ዛሬ ምንም አልነገረችንም፣ እዚያ ውስጥ ምን ሆነች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እናንተን ሙዚየሙ በረንዳ ላይ ትተን ስለሄድን ማወቅ ብትፈልጊ አልፈርድብሽም። ግን እሷ ያልነገረችሽን እኔ አልነግርሽም። የራሴን ልንገርሽ።

ክንዷን ይዤ ነጩ ድንጋይ ጋ ስደርስ እግሬ እንደ ልማዱ ቆመ። ሮኪያ ድንጋዩን አታየውም። «ደረስን?» አለችኝ። «ደረስን» አልኳት። «ታዲያ ለምን ቆምን?» አለች። ልጄ፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ስፈራው የኖርኩትን ነገር ምክንያቱን ስትጠይቀኝ የምላት አንድ ቃል አልነበረኝም። ገባሁ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፣ እኔ ላይ የደረሰው የጫማዬ መርጠብ ብቻ ነው። እንደማላቅስም ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ገና ባቡሯ ላይ ሳንወጣ አለቀስኩ። ባሌ ከወጣትነት እስከ ሽምግልና ዕድሜውን የጨረሰበትን ቦታ ያንን ቀን ነው ያየሁት። ስንት ዓመት ምሳውን ሳደርስ የት እንደሚበላው አላውቅም ነበር።

ጋሽ ደራማን ለጎብኚዎች የማዕድኑን ጨለማ ለማሳየት መሐል ላይ መብራቱን ያጠፋዋል። ሲያጠፋው ሰው ሁሉ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። ሮኪያ ብቻ ረጋ ብላ ክንዴን ጠበቅ አደረገችና «አይዞሽ፣ እኔ ይዤሻለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መብራቱ ሲበራም የምትመራኝ እሷ መሰለኝ።

የብረቱ በር ጋ ጋሽ ደራማን ሰዉን መልሶ ወሰደልን። እሷ ብረቱን ያዘች። ለባሏ ያለችው ነገር ነበር። ሰምቼዋለሁ፣ ግን ለኔ አልተባለም። ረጅም አልነበረም። አንድ ቦታ ላይ ሳቀች፣ እሱን ልንገርሽ እችላለሁ። ከዚያ «በይ እንሂድ፣ ልጆቹ ርቧቸዋል» አለችኝ።

ስለ ሰደቃው ምን እንደወሰነች ራሷ ትነግራችኋለች። አትወትውቷት። ለዓይኗ የታዘዘላትን ጠብታ ግን ወትውቷት፣ እንደማታደርገው አውቃለሁ።

እማማሽ ንዩክ ላን

———

ሙዋር
ጁላይ 12 ቀን 2004

እታለም ላን፣

የሻርፔ ሌባ። ያዥው፣ ለብርድ ይሆንሻል።

አሁንም የምትጽፈው ሱሪያኒ ናት፤ እያለቀሰች ነው የምትጽፈው፣ ፊደሉ ቢንሻፈፍ የእሷ ጥፋት ነው። ጠንካራ ናት ያልኩሽን ሰርዢው።

ሰደቃውን በወሩ መጀመሪያ አርብ አወጣን። ኢማሙ የጁሶህን ስም ከነአባቱ ስም ጠርቶ ዱዓ አደረገለት። ልጆቼ ሁሉ መጡ። ዙልኪፍሊ በሬ ካልታረደ ብሎ ነበር፣ ፍየል አረድን። ሐሊጃ ሩዙን ቀቀለች፣ ትንሽ ጨው አብዝታለች፣ ግን ሰው በላው። ያንቺን ድርሻ ለማታውቂያቸው ሰዎች አብልተንልሻል። ሰዉ ከሄደ በኋላ ዕቃ ሲታጠብ እየሰማሁ ተኛሁ፤ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከወለድኩ ወዲህ አላውቅም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ፣ ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርኩትም። እዚያ ቡኪት ከላዲ ሰው ሁሉ ታሪኬን ስለሚያውቅ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ሙዋር ግን የማያውቀኝ ሰው «ባለቤትዎስ?» ሲለኝ «ሥራ ገብቷል» እል ነበር። ውሸት አልመሰለኝም። ፈረቃ ሲገባ ሸኝቼዋለሁ፣ ወጣ ያለኝ ሰው የለም። ሰዎቹም አምነው ያልፋሉ፣ እኔም አልፋለሁ።

ባለፈው ሰኞ ለዓይኔ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ነርሷ አዲስ ናት፣ በድምፅዋ ወጣት ትመስላለች። ካርድ እየሞላች «ባለቤትዎ አሉ እናቴ?» አለችኝ። «ሞቷል» አልኳት። አፌ እንዴት እንዳለው አላውቅም። «መቼ?» አለችኝ። «አርብ ዕለት ሸኘነው» አልኳት።

እስክሪብቶዋን ስታስቀምጥ ሰማሁ። ወንበሯን አስጠጋችና ሁለት እጄን ይዛ «አላህ ይዘንላቸው፣ አላህ ያጽናዎት እናቴ፣ ኀዘኑ ገና ትኩስ ነው» አለችኝ። እኔም ባሏ አርብ ዕለት እንደሞተባት ሴት አለቀስኩ።

ሮኪያ